የተሰበረ ቺፑድ ለአናጢ እንጂ ለምድጃ አይሁን

በብዙ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤቶችና በገጠር ትምህርት ቤቶች ጓሮ፣ የተሰባበረ የቺፑድ ጠረጴዛና መደርደሪያ ተጥሎ ዝናብ ሲመታው ማየት የተለመደ ነው። በመጨረሻም እንደ ማንኛውም ጭራሮ ምጣድ ሥር ይገባል። ይህ ልማድ ሀብት ከማባከኑም በላይ ጤናን ይጎዳል።

ቺፑድ እንደ ጣውላ ከግንድ የተሰነጠቀ አይደለም። የተፈጨ እንጨትና ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ተለውሶ፣ በጋለ መጫኛ ተጨፍልቆ የሚወጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኮላው የሚዘጋጀው ገበሬው በማሳው ላይ ከሚበትነው ከዩሪያ እና ፎርማልዲሃይድ ከሚባል ኬሚካል ነው። ፎርማልዲሃይድን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል። ስለሆነም ቺፑድ በነደደ ቁጥር መርዛማውን ጭስ የሚተነፍሱት እንጀራ የምትጋግረው እናትና ያዘለችው ሕፃን ናቸው።

አሮጌ ቺፑድ ዳግም የሚሠራ ሀብት መሆኑን የኢጣሊያ ተሞክሮ ያስረዳል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው ሪሌኞ የተሰኘው ማኅበር ያገለገለ እንጨት እንዲሰበሰብ ያስተባብራል። ፋብሪካዎችም የተሰበሰበውን ፈጭተው፣ ምስማሩን በማግኔት ለይተውና አድርቀው፣ እንደገና በኮላ በመለወስ አዲስ ቺፑድ ያወጡበታል። በዚህም ለቺፑድ ሲባል ይቆረጥ የነበረው ዛፍ ይተርፋል።

በገጠር ቀበሌ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ባይኖርም አናጢ አይጠፋም። በቅድሚያ አሮጌው ዕቃ ከዝናብ መጠለል አለበት፤ ውኃ ኮላውን ያላላዋል፣ ቺፑዱም ያብጣል። ቀጥሎ ምስማሩና ማጠፊያው ይነቀላል፤ ያበጠው ጠርዝ በመጋዝ ተቆርጦ ይወገዳል። ብናኙ ሳንባን ስለሚጎዳ ሥራው ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫን በጨርቅ ሸፍኖ መከናወን ይገባዋል። ደህናው ክፍል ለማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለመዝገብ መደርደሪያ ወይም ለትንሽ ቁምሣጥን ይውላል። የሰፋ የብሎን ቀዳዳ ዳግም ስለማይዝ፣ በእንጨት ሽብልቅና በኮላ መደፈን ወይም በሌላ ቦታ መብሳት ያስፈልጋል። ለንብ ቀፎና ለዶሮ ቤት ግን አይበጅም፤ እርጥበት ያፈርሰዋልና።

የማኅበራት መሪዎች በየመጋዘኑ የወደቀውን ዕቃ አስቆጥረው ለአናጢ ቢያስረክቡ፣ ለአዲስ መደርደሪያ የሚወጣው ገንዘብ ለምርጥ ዘር መግዣ ይተርፋል። የእናቶችም ጓዳ ከመርዛማ ጭስ ይጠበቃል።