ስለ ፎቶግራፍ ፊልምና ስለ ዲጂታል ፎቶግራፍ

ሰው ያልፋል፤ መልኩም ከሚያውቁት ሰዎች ልብ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ጽሕፈት የሠራውን ሥራ ይናገርለታል እንጂ ፊቱን አያሳይም። የፎቶግራፍ ጥበብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1839 በፈረንሣይ አገር በይፋ ከተገለጠ ወዲህ ግን ሰው መልኩን ለልጅ ልጁ ለማውረስ ተቻለው።

ይህ ጥበብ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ሥር ሰደደ። በድሮስ ቦያጅያን የሚባለው አርመናዊ የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ነበረ፤ ልጁ ቶኒም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የአባቱን ሙያ ያዘ። ዛሬ የዚያ ዘመን መኳንንትና ወይዛዝርት መልካቸው የሚታወቀው ነጋቲቩና ወረቀቱ ስለ ተጠበቀ ነው።

ቆይቶም ፎቶ ቤት የጠቅላይ ግዛት ከተሞች ጌጥ ሆነ። በኢሉባቦር ለሚኖር ሰው፣ የመቱም ሆነ የጎሬ ወይም የኡካ፣ ፎቶግራፍ መነሣት የክት ልብስ የሚለበስበት ጉዳይ ነበረ። አንድ ጥቅል ፊልም የሚይዘው ቢበዛ 36 ሥዕል ያህል ብቻ ስለ ሆነ አንሺው ሳያስብ አያነሣም፤ ተነሺውም ትንፋሹን ይዞ ይቆም ነበር። ፊልሙ የብር ጨው የተቀላቀለበት ስስ ሙጫ የተቀባ ነውና በጨለማ ክፍል በመድኃኒት ታጥቦ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩም ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ይኸውም ነጋቲቭ ይባላል። የቀለሙ ፊልም ግን 38 ዲግሪ ያህል የሞቀና ሙቀቱ የማይዋዥቅ መድኃኒት ስለሚፈልግ ለትንሽ ፎቶ ቤት አስቸጋሪ ነበረ።

ባለ ፎቶ ቤቱ ደንበኛው ድጋሚ ቢጠይቅ ብሎ ነጋቲቩን በፖስታ ከትቶ ያስቀምጠዋል። እንዲህም ሲሆን ማንም ሳያዝዘው የከተማው መዝገብ ጠባቂ ሆነ። የሙሽራው፣ የተማሪው፣ የቡና ነጋዴው፣ ከሞተም በኋላ የሚፈለገው የሽማግሌው ጉርድ ፎቶግራፍ ሁሉ በአንድ ካርቶን ይገኝ ነበር።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ስቲቨን ሳሶን የሚባል የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ፊልም የሌለበት ካሜራ ሠራ። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ያህል ነበረ፤ አንድ ሥዕል ለመመዝገብም 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ከዚህ ትንሽ ጅምር የተነሣው ጥበብ የፊልምን ገበያ እጅግ አዳከመና ኮዳክ ራሱ በ2012 በጥር ወር ከባለ ዕዳነት ፍርድ ቤት እንዲጠብቀው ለመለመን ደረሰ። ዛሬ ካሜራ በየሰው ኪስ፣ በእጅ ስልክ ውስጥ ይገኛል። ሥዕሉ ወዲያው ይታያል፤ ዋጋውም ኢምንት ነው። ስለዚህ አዲሱን ጥበብ መንቀፍ የአላዋቂ ሥራ ይሆናል።

ነገር ግን አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ነጋቲቭ ብርሃን ላይ ቢይዙት ያለ መሣሪያ ይታያል። የዲጂታሉ ሥዕል ግን ያለ መሣሪያ አይታይም፤ ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ሃርድ ዲስኩ ሲበላሽ የዐሥር ዓመት ሠርግና ክርስትና በአንድ ቀን ይጠፋል። ከቀደሙት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ብዙ ፎቶግራፍ የተነሣው ትውልድ ለልጆቹ ጥቂት መልክ ብቻ ትቶ እንዳያልፍ ያስፈራል።

አሮጌውም ቢሆን ከጥፋት አልዳነም። ኢሉባቦር ዝናብ የሚበዛበት አገር ነውና እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል፤ ሻጋታም የፊልሙን ሙጫ ይበላል። ባለቤቱ ሲሞት ወይም ሥራውን ሲለውጥ ካርቶኑ እንደ ጥራጊ ቢጣል የሚጠፋው የአንድ ሰው ንብረት ብቻ አይደለም። ጎሬ ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር ከሄዱ በኋላ፣ ጠላት በኅዳር 1929 ዓ.ም. እስኪይዛት ድረስ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው አገር የልጆቹን መልክ ሊጥል አይገባውም።

መፍትሔውም ከባድ አይደለም። ነጋቲቩን ከእርጥበትና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት አርቆ በወረቀት ፖስታ ማስቀመጥ፤ ከበስተኋላው ብርሃን አድርጎ በዲጂታል ካሜራ እንደ ገና ማንሣት፤ የሰዎቹን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መጻፍ ነው። አዲሱ መሣሪያ አሮጌውን ያድነዋልና ሁለቱ ጠላቶች አይደሉም። በአዲስ አበባ የቤተሰብ ፎቶግራፎችን ሰብስበው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም በመጽሐፍ ያሳተሙ ሰዎች ነገሩ የሚቻል መሆኑን አሳይተዋል። የመቱ ዩኒቨርሲቲና የባህል መሥሪያ ቤቶችም ባለቤቶቹንና ተነሺዎቹን እያስፈቀዱ ይህን ቢያደርጉ ለአገር የሚጠቅም ሥራ ይሠራሉ።

ስልክ ያለውም ሰው ሁሉ ከብዙው ሥዕል ጥቂቱን መርጦ በወረቀት ያሳትም፤ በጀርባው ስምና ቀን ይጻፍበት፤ ቅጂውንም በሁለት ቦታ ያስቀምጥ። የዛሬ ሃምሳ ዓመት አንድ ልጅ «አያቴ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚያገኘው ዛሬ በሚደረገው ጥንቃቄ ነው።