«እንዴት አየኸው?» ከማለታችን በፊት

የሕግ ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህራችን የሠሩብንን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም፡፡ ትምህርቱ ሞቅ ባለበት ሰዓት አንድ የማናውቀው ሰው በሩን በርግዶ ገባ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መጽሐፍ ብድግ አድርጎ ወጣ፡፡ መምህሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «ያያችሁትን ጻፉ» አሉን፡፡ ጻፍን፡፡ አብዛኞቻችን የጻፍነው «አንድ ሌባ ገብቶ መጽሐፍ ሰርቆ ወጣ» የሚል ነበር፡፡ መምህሩ ወረቀቶቻችንን ሰብስበው ካነበቡ በኋላ ፈገግ ብለው «ያያችሁትን ጻፉ አልኩ እንጂ ፍረዱ መቼ አልኩ? መጽሐፉ የራሱ ቢሆንስ?» አሉን፡፡ የራሱ ነበር፡፡

ይህን ያነሳሁት ስለ ማስረጃ ሕግ ላወጋችሁ ፈልጌ አይደለም፡፡ ጉዳዬ ፊልም ነው፤ በተለይም ጀማሪዎች በራሳቸው ኮምፒውተር የሚሠሩት፣ ሃይማኖትንና ፍልስፍናን የሚነካ የካርቱን (አኒሜሽን) ፊልም፡፡ እንዲህ ያለውን ሥራ ለመጀመር የግድ ትልቅ ስቱዲዮ አያስፈልግም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረውን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘ የልጆች ፕሮግራም ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የጀመሩት በመኖሪያ ቤታቸው ነበር፤ ሥራው ከሁለት ዓመት በኋላ የጃፓን ሽልማትን አግኝቷል፡፡ ለጀማሪው ከመሥራቱ ይልቅ የሚከብደው ከሠራ በኋላ ያለው ነው፡፡ ፊልሙን ለሰው ያሳያል፤ ሰውም አስተያየት ይሰጣል፡፡

በእኛ አገር አስተያየት ሁለት ዓይነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡ ወይ «ጎበዝ፣ በርታ!» ነው፣ ወይ ውግዘት ነው፡፡ አዲስ አበባ ውስጥ ሲኒማ ማሳየት በተጀመረበት ዘመን ሕዝቡ ለማሳያው ቤት ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» የሚል እንደነበር ብዙዎቻችን እናውቃለን፡፡ «በርታ»ም ሆነ «ሰይጣን ቤት» ፍርድ ናቸው፡፡ ተመልካቹ ምን እንዳየ ግን ከሁለቱም አይታወቅም፡፡

አንድ ሐሳባዊ ጉዳይ

የሕግ ሰዎች ነገር ለማስረዳት ሐሳባዊ ጉዳይ መፍጠር ይወዳሉ፡፡ እኔም እንዲሁ ላድርግ፡፡ ጋምቤላ ከተማ፣ አኙዋዎች ኦፔኖ ከሚሉት ከባሮ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ የሚኖር አንድ የአኙዋ ወጣት አለ እንበል፡፡ በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ የሰባት ደቂቃ ካርቱን ሠራ፡፡ ታሪኩን የወሰደው ከአያቶቹ ተረት ነው፡፡ ተረቱ የወጣቱ ፈጠራ አይደለም፤ ስለ አኙዋ ባህል በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥም ይገኛል፡፡

ከተረቱ ስሪቶች በአንዱ ፈጣሪ ጁዎክ የሰውን ልጅ ሕፃን ሆኖ ባየው ጊዜ ውሻን «ውሰድና ጣለው» ይለዋል፡፡ ውሻ ግን ሕፃኑን አይጥለውም፡፡ የዛፍ ጎድጓዳ ውስጥ ደብቆ፣ ወተቱን አጥብቶ ያሳድገዋል፤ ካደገ በኋላም መልሶ ወደ ጁዎክ ያመጣዋል፡፡ ኋላ ጁዎክ ለፍጥረቱ መሣሪያ በሚያድልበት ቀን፣ ሰው ከሌሎቹ እንስሳት ቀድሞ ሄዶ ጦሩን እንዲወስድ የሚመክረውም ይኸው ውሻ ነው፡፡ ሰው ዛሬ በሕይወት ያለውና ጦር የያዘው በውሻ ውለታ ነው ማለት ነው፡፡

ቀላል የልጆች ተረት ይመስላል እንጂ ከባድ ጥያቄ አለበት፡፡ ትእዛዝና ርኅራኄ ሲጋጩ የትኛው ይበልጣል? ያልታዘዘው ውሻ ጥፋተኛ ነው ወይስ ጻድቅ? የፍልስፍና መምህራን አንድ ሙሉ ሴሚስተር ሊከራከሩበት የሚችሉት ጥያቄ ነው፡፡

ፊልሙ በአንድ አዳራሽ ታየ እንበል፡፡ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከክልሉ 307 ሺህ ያህል ነዋሪ 47 በመቶ የሚጠጋው ኑዌር፣ 21 በመቶ ገደማ አኙዋ ነበር፡፡ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ አሉ፤ ከደጋ የመጡም ብዙ ናቸው፡፡ በሃይማኖት ደግሞ 70 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት ነበር፡፡ አዳራሹም ይህንኑ ይመስላል፡፡ መብራት በራ፤ ወጣቱ ተነሥቶ በትሕትና «እንዴት አያችሁት?» ሲል ጠየቀ፡፡

አንድ ሰባኪ እጃቸውን አወጡ፡፡ «እኛ በአኙዋኛ ስንጸልይ ጁዎክ ብለን የምንጠራው እግዚአብሔርን ነው፡፡ አንተ እግዚአብሔር ሰውን ጣለው ትላለህ?» አሉ፡፡ ከደጋ የመጣ አንድ መምህር ዝም አለ፡፡ በአማርኛ «ውሻ» ስድብ ነው፤ ሕፃን ልጅ ከውሻ ጡት ሲጠባ ካየ በኋላ የቀጠለውን ታሪክ ልብ ብሎ አልተከታተለውም፡፡ ከጎኑ የተቀመጠው ሙስሊም ነጋዴም ከውሻ ንክኪ የሚጠነቀቅ ሰው ነውና ፊቱን አዞረ፡፡ ከኋላ ረድፍ የተቀመጠ አንድ የኑዌር ወጣት ደግሞ ተቆጥቶ ወጣ፡፡ ለምን? ሕፃኑን ሊገድል በጫካ ሲያልፍ የሚታየው አዳኝ ግንባሩ ላይ መስመሮች ነበሩት፡፡ ሠሪው መስመሮቹን የሳለው ሰውየውን አስፈሪ ለማድረግ ነው፡፡ ለኑዌር ግን በግንባር ላይ የሚቀረጹት ስድስት መስመሮች አንድ ልጅ ወንድ መሆኑን የሚመሰክሩ የማንነት ምልክት ናቸው፡፡ ዛሬ ብዙ ወጣቶች ባይቀረጹትም ትርጉሙን ሁሉም ያውቀዋል፡፡ ወጣቱ ያየው ስለ ርኅራኄ የሚናገር ፊልም ሳይሆን «ገዳዩ ኑዌር ነው» የሚል ክስ ነው፡፡

በሌላ ከተማ ቢሆን ይህ ተራ አለመግባባት ነበር፡፡ ጋምቤላ ግን በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በርካታ አኙዋዎች በከተማዋ የተገደሉባት፣ ከዚያም ወዲህ በተለያዩ ዓመታት በአኙዋና በኑዌር መካከል ደም የፈሰሰባት ምድር ናት፡፡ በእንዲህ ያለ ቦታ ግንባር ላይ ያለ መስመር እንደ ዋዛ አይታለፍም፡፡

የዶሮዋ ነገር

ተመልካች ሠሪው ያላሰበውን ያያል፡፡ ለዚህ በዓለም ላይ በብዛት የሚጠቀሰው ምሳሌ የጆን ዊልሰን ነው፡፡ በአንድ የአፍሪካ መንደር ስለ ንጽሕና አጠባበቅ የሚያስተምር አጭር ፊልም ለሠላሳ ያህል ሰዎች ታየ፡፡ ከዚያ «ምን አያችሁ?» ተብለው ተጠየቁ፡፡ «ዶሮ አየን» አሉ፡፡ ፊልሙን ያሳዩት ሰዎች በውስጡ ዶሮ መኖሯን እንኳ አያውቁም ነበር፡፡ ፊልሙን በየምስሉ ሲመረምሩት ለአንድ ሰከንድ ያህል በማዕዘን በኩል ያለፈች ዶሮ አገኙ፡፡ ታሪኩን ማርሻል ማክሉሃን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ ካወሳው ወዲህ ብዙዎች «አፍሪካዊ ፊልም ማየት አይችልም» ለማለት ተጠቅመውበታል፡፡ እኔ ግን የምወስደው ትምህርት ሌላ ነው፡፡ ዶሮዋ በእርግጥ ነበረች፡፡ ተሳስተው የነበሩት ሠሪዎቹ ናቸው፡፡ ጥያቄው «ወደዳችሁት?» የሚል ቢሆን ኖሮ ደግሞ ዶሮዋ ለዘላለም ተደብቃ ትቀር ነበር፡፡

ከጋምቤላ ብዙም ሳይርቅ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚኖሩት ሜኢኒቶች ዘንድ የተደረገ ጥናትም አለ፡፡ ደሬጎቭስኪ የተባለ አጥኚ ማልድሮው ከተባሉ ባልና ሚስት ጋር እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው ነው፡፡ በዚያን ጊዜ ሥዕል ያለበት ወረቀት የተሰጣቸው ሰዎች ወረቀቱን አሸተቱት፣ እያጠፉ ድምፁን አዳመጡ፣ ሊቀምሱትም ሞከሩ፤ ሥዕሉን ግን ልብ አላሉትም፡፡ አዲስ የሆነባቸው ወረቀቱ ነበርና፡፡ አጥኚዎቹ እንስሳትን ሸካራ ጨርቅ ላይ አሥለው ሲያቀርቡላቸው ግን አብዛኞቹ «ይኼ ጅራቱ ነው፣ ይኼ እግሩ፣ ይኼ ቀንዱ» እያሉ ጥቂት በጥቂት ለዩአቸው፡፡ ጉድለቱ ከዓይናቸው አልነበረም፡፡ ሥዕሉ የቀረበበት ነገር ከሥዕሉ በላይ ይናገር ስለነበር ነው፡፡

እኛስ የከተማ ሰዎች ከዚህ ነፃ ነን? በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ኃጥኣን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣሉ ነበር፡፡ በዚያ ሥዕል ሥር ያደገ ሰው ካርቱን ውስጥ ዘወትር በጎን የሚታይ ገጸ ባሕርይ ሲያይ ደስ የማይል ስሜት ቢሰማው አይገርምም፡፡ ምክንያቱን ግን ራሱም ላያውቀው ይችላል፡፡ «አልወደድኩትም» ይልና ይሄዳል፡፡

ሥዕል «እንደ» የለውም

ሃይማኖትንና ፍልስፍናን በካርቱን ለሚሠራ ሰው ከዚህ የባሰ አስቸጋሪ ነገር አለ፡፡ የእንግሊዛዊው ኤድዋርድ ኢቫንስ ፕሪቻርድ የኑዌርን ሃይማኖት የተመለከተ መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. 1956) በዓለም ዙሪያ ያከራከረ አንድ የኑዌሮች አባባል ይዟል፤ «መንትዮች ወፎች ናቸው» ይላሉ፡፡ ኑዌሮች ይህን ሲሉ መንትያ ልጅ ላባና መንቆር አለው ማለታቸው እንዳልሆነ ጸሐፊው በሰፊው አብራርቷል፡፡ በእነሱ ዘንድ ኩዎዝ፣ ማለትም አምላክ፣ በላይ ነው፤ ወፍም የላይ ፍጥረት ነው፤ መንትያ መወለድም ከኩዎዝ የመጣ ልዩ ነገር ነው፡፡ አባባሉ መንትዮችንና ወፎችን የሚያገናኛቸው በዚህ በኩል ነው፡፡

አሁን ይህን ሥዕል አድርጉት፡፡ ሁለት ሕፃናት ክንፍ አውጥተው ሲበሩ ታያላችሁ፡፡ ጥልቅ የነበረው ሐሳብ የልጆች ጨዋታ ሆኖ ቁጭ አለ! በቋንቋ «እንደ»፣ «ይመስል» ማለት እንችላለን፤ ሥዕል ግን ሲያሳይ «ነው» ይላል፡፡ ሰምና ወርቅ ለለመደ፣ አንድን ቃል «አንድም… አንድም…» እያለ ሲፈታ ለኖረ ሕዝብ ይህን ማስረዳት ከባድ መሆን አልነበረበትም፡፡ ግን ቅኔ ስንሰማ ወርቁን እንፈልጋለን፤ ካርቱን ስናይ ሰሙ ላይ እንቆማለን፡፡ የጋምቤላው ሰባኪ «ጁዎክ ሰውን ጣለ» የሚለውን ሰም ይዘዋል፤ የተጣለው ሰው መዳኑን፣ ጁዎክም መልሶ ሲያየው እንዳላጠፋው ግን አላነሡትም፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህ በሕግ ያስጠይቃል» ማለቱ አይቀርም፡፡ ስለዚህ ጥቂት ልበል፡፡ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ ጭምር የመግለጽ መብትን አስፍሯል፤ ቅድመ ምርመራንም ይከለክላል፡፡ አንቀጽ 39 ማንኛውም ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ባህሉን የመግለጽና የማዳበር መብት አለው ይላል፡፡ በሌላ በኩል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 492 እና 493 የሃይማኖት ሥርዓትን ማወክን፣ ንዋያተ ቅድሳትን ማርከስን፣ በአደባባይ በሃይማኖት ላይ ማላገጥን ያስቀጣሉ፡፡ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ የሥነ ጥበብ ፈጠራንና የሃይማኖት ትምህርትን በልዩ ሁኔታ ከክልከላው አውጥቷል፡፡

የአያቶቹን ተረት በቅንነት የሣለ ወጣት አላገጠ ሊባል አይችልም ባይ ነኝ፡፡ ይሁን እንጂ ጉዳዩ ወደ ሕግ ከደረሰ ሁላችንም ከስረናል፡፡ ወጣቱ ሁለተኛ ብዕሩን አያነሳም፤ ተመልካቹም ያየውን የሚናገርበት ሌላ አዳራሽ አያገኝም፡፡ ሕግ የመጨረሻው በር እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም፡፡

ታዲያ እንዴት እንጠይቅ?

ከችሎት አንድ ነገር መዋስ ካለብን የምስክር አሰማም ሥርዓቱን እንዋስ፡፡ ምስክር በመጀመሪያ የሚጠየቀው ስላየውና ስለሰማው ነው፡፡ መልሱን በውስጡ የያዘ መሪ ጥያቄ አይቀርብለትም፡፡ «ጥሩ ነው አይደል?» መሪ ጥያቄ ነው፡፡ «ሃይማኖታችንን የሚነካ ነገር አላያችሁም?» የሚለውም እንዲሁ፡፡

ስለዚህ ፊልም ሠሪው ይህን ይሞክር፡፡ መጀመሪያ «ምን አየህ? ታሪኩን መልሰህ ንገረኝ» ይበል፡፡ ተመልካቹ ሲተርክ አያቋርጠው፤ አያርመው፡፡ የዘለለውን፣ የጨመረውን፣ ስሙን ያልጠራውን ይመዝግብ፡፡ ዶሮዋ የምትገኘው እዚያ ነው፡፡ ቀጥሎ «የቱ ጋ ደነገጥክ? የቱ ጋ ሰለቸህ?» ይበል፡፡ «እንዴት አየኸው?» መምጣት ያለበት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፡፡ ደግሞም ሁሉን በአንድ አዳራሽ አይጠይቅ፡፡ ሰባኪው በተናገሩበት ቦታ ምእመኑ ሌላ አይናገርም፤ ሽማግሌ ባለበት ልጅ አይደፍርም፤ ብዙ ሰው በተሰበሰበበትም ቁጥሩ ያነሰው ወገን ዝም ይላል፡፡ በየቋንቋው፣ በየዕድሜው፣ ሴቱንም ወንዱንም ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል፡፡ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ የግንባሩን መስመር ከአንድ የኑዌር ጓደኛው ገና በረቂቁ ይሰማ ነበር፤ በአሥር ደቂቃም ያጠፋው ነበር፡፡

ተመልካቹም ድርሻ አለበት፡፡ ከመፍረዱ በፊት ያየውን ይናገር፡፡ «ይህ ስድብ ነው» ከማለት «እኔ ግንባሩ ላይ መስመር አየሁ፤ ለእኛ ትርጉሙ ይህ ነው» ማለት ይበልጣል፡፡ የመጀመሪያው አንድን ወጣት ዝም ያሰኛል፤ ሁለተኛው ያስተምረዋል፡፡

አንድ ነገር ግን ሊምታታ አይገባም፡፡ መስመሩን ማጥፋት ስህተትን ማረም ነው፡፡ ውሻውንና ጁዎክን አውጣ ማለት ግን ተረቱን ራሱን መንጠቅ ነው፡፡ ሠሪው የመጀመሪያውን ሊሰማ ይገባል፡፡ ሁለተኛውን በአክብሮት ሰምቶ እንቢ ቢል መብቱ ነው፡፡ የዚያን ቀን ክፍላችን ገብቶ መጽሐፍ ይዞ የወጣውን ሰውዬ አስታውሱ፡፡ እኛ ሌባ አልነው፤ እሱ የራሱን ነበር የወሰደው፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡