ማን መርጦልን ነው የምናነበው?

እንደሚታወቀው ዛሬ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ አዲስ ነገር ሁሉ የሚሰማው በእጅ ስልክ ነው። አባት ዜናውን፣ ልጅ የነፃ ትምህርት ዕድል ማስታወቂያውን፣ እናት የምትከታተለውን የዲን ትምህርት በየማኅበራዊ መገናኛው ይጠብቃሉ። ነገር ግን እንደ ፌስቡክ ያሉት የሚያሳዩን የመረጥነውን ሁሉ አይደለም። የቱ ከላይ እንደሚቀመጥ፣ የቱ እንደሚዘለል የሚወስነው የኩባንያው ኮምፒውተር ሲሆን ዋናው ፍላጎቱም እኛን ከስልኩ ሳንነሳ ማቆየት ነው። ስለዚህ የማመልከቻ ጊዜው ነገ የሚያልቅ ማስታወቂያ ከሥር ተቀብሮ የማናውቃቸው ሰዎች ጭቅጭቅ ከላይ ቢገኝ ሊደንቀን አይገባም።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን፣ ከፌስቡክም በአምስት ዓመት የሚቀድም ዘዴ አለ። አር.ኤስ.ኤስ. ይባላል። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ኔትስኬፕ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ድረ ገጹ ከሚታየው ገጽ ጀርባ አንድ አነስተኛ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። በውስጡ የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች ርዕስ፣ ቀንና አድራሻ ይገኛል፤ አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቁጥርም ይታደሳል። በእኛ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ያለው ማንበቢያ ፕሮግራም ደግሞ በየጊዜው እየተመላለሰ ፋይሉን ያያል፤ አዲስ ነገር ካገኘ ይዞ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት የማስታወቂያ ሰሌዳ አይቶ እንዲመጣ እንደሚላክ ልጅ ቁጠሩት፤ ይኸኛው ግን ሃያ ሰሌዳ ቢሰጡትም አይሰለችም። ድረ ገጹ ስምም ስልክ ቁጥርም አይጠይቅም። ፋይሉ ጽሑፍ ብቻ በመሆኑ የኢንተርኔት ጥቅል ብዙም አይበላም።

ለመጀመር እንደ ፊድሊ ወይም ኢኖሪደር ያለ ማንበቢያ መክፈት ይበቃል፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚሠሩበት አማራጭ አላቸው። ከዚያ የምንፈልገውን ድረ ገጽ አድራሻ ስናስገባ ፕሮግራሙ ፋይሉን ብዙውን ጊዜ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። በአንዳንድ ገጾች ላይ የምትታየው ብርቱካናማ ምልክት፣ ነጥብና ሁለት ቅስት ያላት፣ የዚሁ ናት። ሁሉም ድረ ገጽ ግን ይህን አያዘጋጅም። አንዳንዱም አንባቢው ወደ ገጹ እንዲመጣለት ስለሚፈልግ ርዕሱንና ሁለት መስመር ብቻ ይልካል።

በቤት ውስጥ ይበልጥ የሚጠቅመን ለዩቲዩብ ይመስለናል። እያንዳንዱ የዩቲዩብ ቻናል የራሱ ፋይል ስላለው፣ የአንድ ኡስታዝ አዲስ ደርስ መውጣቱን ለማወቅ ዩቲዩብን ከፍቶ መፈለግ አያሻም። ፍለጋ ተብሎ የተገባበት ቤት ስንት ሰዓት እንደሚያስቀምጥ ወላጆች ያውቁታል! እርግጥ ነው፣ ቪዲዮው በዩቲዩብ ከተከፈተ ዩቲዩብ የሚጋብዛቸው ሌሎች ቪዲዮዎች ከጎኑ መደርደራቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ትንንሽ ልጆችን ለብቻቸው መተዉ አሁንም አይመከርም።

ይህን ያህል ከጠቀመ ስለ ምን ተረሳ? አንዱ ምክንያት ጉግል ነው። ጉግል ሪደር የተባለው ማንበቢያ እ.ኤ.አ. በ2005 ተጀምሮ ብዙ ሰው ከለመደው በኋላ በሐምሌ 1 ቀን 2013 ተዘጋ። ዘዴው ግን የማንም ኩባንያ ንብረት ስላልሆነ አብሮ አልሞተም። ዛሬ በየስልኩ የሚደመጡት ፖድካስቶች የሚሠራጩት በዚሁ መንገድ ነው።

ስለሆነም ባልና ሚስት፣ ልጆችም ጭምር፣ አንድ ምሽት ተቀምጠው መርጠው አሥር ያህል አድራሻ ቢያስገቡ መልካም ነው፤ ከአሥር በላይ ከሆነ ሳይነበብ ይከመራል። ዝርዝሩ ሲያልቅ ኦ.ፒ.ኤም.ኤል. በሚባለው ፋይል አውርዶ ማስቀመጥን አትርሱ። ፕሮግራሙ ነገ ቢዘጋ ፋይሉን ወደ ሌላ ማንበቢያ ማስገባት ብቻ ነው የሚቀረው።