ስካነር መያዝ ወንጀል ነው?

አንድ ፖሊስ በመገናኛ ራዲዮው ሲናገር ድምፁ ለባልደረባው ብቻ ተለይቶ አይሄድም። አንቴናው ሞገዱን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ሞገዱም ግድግዳ አልፎ በየቤቱ ይገባል። ስካነር የሚባለው መቀበያ ከአንዱ ፍሪኩዌንሲ ወደ ሌላው እየዘለለ ይፈትሻል፤ ንግግር ሲያገኝ ቆሞ ያሰማል፤ ሲያበቃም ፍተሻውን ይቀጥላል። መሣሪያው ይቀበላል እንጂ መልእክት አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ማን እያዳመጠ እንደሆነ ከውጭ ማወቅ እጅግ ከባድ ነው። ሕግ አውጪዎችን ያስቸገራቸውም ይኸው ነው።

በብሪታንያ ስካነር ገዝቶ ማስቀመጥ አያስጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የራዲዮ ሕግ ግን ለሌላ ሰው የተላከን መልእክት ያለ ፈቃድ በመሣሪያው ማዳመጥን ወንጀል አድርጎታል። ለሕዝብ የሚተላለፍ ስርጭትና የአማተር ራዲዮ ንግግር መስማት ይቻላል፤ አብራሪ ከአየር ማረፊያ ማማ ጋር የሚነጋገረውን ማዳመጥ ግን አይፈቀድም።

አሜሪካ ሌላ መንገድ መረጠች። በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ ያልተመሰጠረ የፖሊስና የእሳት አደጋ ራዲዮ መስማትን ሲፈቅድ የሞባይል ጥሪ መጥለፍን ከለከለ። ከ1994 ጀምሮም የሞባይል ፍሪኩዌንሲ የሚይዝ ስካነር ማምረትና ማስገባት ታገደ። ይሁንና የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች በሰው እጅ ነበሩ። በታኅሣሥ 1996 ፍሎሪዳ ውስጥ ባልና ሚስት የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ኒውት ጊንግሪች የተሳተፉበትን የስልክ ውይይት በስካነር ሰምተው ቀዱት፤ እያንዳንዳቸው 500 ዶላር ተቀጡ። ክልሎችም የየራሳቸው ገደብ አላቸው፤ ኒውዮርክ ውስጥ የአማተር ራዲዮ ፈቃድ የሌለው ሰው የፖሊስ ፍሪኩዌንሲ የሚይዝ መቀበያ ያለ ልዩ ፈቃድ መኪናው ላይ መግጠም አይችልም።

ሕግ ያልዘጋውን በር ምስጠራ እየዘጋው ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የዋሽንግተን ዲሲ ፖሊስ በ2011 ራዲዮውን መስጥሯል። ሞገዱ ዛሬም እያንዳንዱ ቤት ይገባል፤ ቁልፉ የሌለው ስካነር ግን ከሞገዱ ንግግር ማውጣት አይችልም። ወንጀለኛም ጋዜጠኛም እኩል ተዘጋባቸው፤ በዚህም ፖሊስን በቅርብ መከታተል አዳጋች ሆኗል።

እንግዲህ ስካነር ለመግዛት ያሰበ ሰው መሣሪያው ገበያ ላይ መገኘቱ አያዘናጋው። የሚኖርበት አገር ምን መስማት እንደሚፈቅድ፣ መኪና ላይ መያዝ ይቻል እንደሆነና የሰሙትን ለሌላ መንገር ያስጠይቅ እንደሆነ አስቀድሞ ያጣራ።