ጠርዙ ሲጨልም ማን ይጠፋል?

መቲ በጋምቤላ ክልል፣ በማጃንግ ዞን የምትገኝ የደንና የቡና አገር ናት። የማጃንግ ደን እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ ስፍራ ሙሽሮችን ከትልቅ ዛፍ ሥር አቁሞ ፎቶ ማንሳት ያጓጓል። ይሁንና በቅጠሉ መሐል የሾለከው ፀሐይ ከኋላቸው ነጭ ነጠብጣብ ይረጫል፤ የተመልካቹም ዓይን ከሙሽሪት ፊት ይልቅ ወደዚያ ብልጭታ ይሄዳል።

የፎቶ ኤዲተሮች ለዚህ ቶሎ የሚያነሱት መፍትሔ ቪኜት ይባላል። የፎቶውን ማዕዘኖችና ጠርዞች ቀስ በቀስ እያጨለመ መሐሉን እንዳለ ይተዋል። ዓይን ብርሃን ስለሚከተል፣ ዳሩ ሲደበዝዝ ሙሽሮቹ ጎላ ብለው ይወጣሉ።

ነገሩ ኮምፒውተር ያመጣው አይደለም። ማንኛውም ሌንስ፣ በተለይ አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ በሰፊው ሲከፈት፣ ጠርዝ ላይ ብርሃን ይጎድለዋል፤ ቀዳዳው ሰፍቶ በኤፍ 1.8 የተነሳ ፎቶ ዳሩ ጠቆር ሲል፣ ጠብቦ በኤፍ 4 ወይም በኤፍ 5.6 ሲነሳ ጥቁረቱ በአብዛኛው ይቀንሳል። በ19ኛው መቶ ዘመን የነበሩ ስቱዲዮዎች ደግሞ ተቃራኒውን ይወዱ ነበር፦ የእንቁላል ቅርጽ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ከወረቀቱ በላይ ይዘው በማተም፣ የተነሺው ሰው ምስል ዙሪያውን ወደ ነጭ እየሟሟ እንዲጠፋ ያደርጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ላይትሩም የተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ይህን ሁሉ በጥቂት ስላይደሮች የሚያልቅ ሥራ አደረገው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚሁ ቅለት ነው። አንድ ጊዜ የተስተካከለ ቪኜት ለመቶዎቹ የሠርግ ፎቶዎች በአንድ ጠቅታ ይገለበጣል። የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ ሙሉ ቁመቷ ሲነሳ ጥለቱ የሚያርፈው ከፎቶው ታችኛ ጠርዝ አጠገብ ነው። ሸማኔው የደከመበት ቀለም እዚያ ይጨልማል፤ ነጩ ጨርቅም አመድ መስሎ፣ ያልታጠበ መስሎ ይታያል። ላይትሩም ውስጥ ሃይላይትስ የሚባለው ስላይደር ነጩን በተወሰነ ደረጃ ያድነዋል፣ ካስታወሱት።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የቤተ ዘመድ ፎቶ ነው። በዚያ ፎቶ ዳር የሚቆሙት እነማን ናቸው? ዘግይተው የተጠሩ አክስት፣ መሐል መግባት ያፈሩ ጎረቤት፣ ከገጠር የመጡ አያት። ጠይም ፊትና ጥቁር ሱፍ ልብስ ላይ ጨለማ ሲጨመር የፊት ገጽታው ይጠፋል፤ በብሩህ ስክሪን ደህና የሚመስለው ደግሞ ወረቀት ላይ ሲታተም ይበልጥ ይጠቁራል። የሠርግ አልበም ከዓመታት በኋላ የሚገለጠው ሙሽሮቹን ለማየት ብቻ አይደለም፤ በሕይወት የሌሉ ዘመዶችን ለመፈለግም ነው። ስለዚህ የብዙ ሰው ፎቶ ላይ ቪኜት ባይገባ ይሻላል።

ሁለቱ ብቻቸውን በጥላ ሥር ሲነሱ ግን መሣሪያው ዋጋ አለው፤ በልክ ከሆነ። የሚመረጠው መጀመሪያ ሌንሱ ራሱ ያመጣውን ጥቁረት በሌንስ ማስተካከያው ማንሳት፣ ከዚያ የቪኜቱን መጠን ትንሽ አድርጎ ፌዘር የሚባለውን በሰፊው መክፈት ነው፤ ጨለማው የት እንደጀመረ መለየት እንዳይቻል። ሙሽሮቹ ከመሐል ፈቀቅ ብለው ከቆሙ ተራው ቪኜት አይረዳም፣ የፎቶውን መሐል እንጂ የሰዎቹን ፊት አያውቅምና። ያኔ ክብ ማስክ በፊታቸው ዙሪያ ሠርቶ ከውጭ ያለውን ብቻ ማደብዘዝ ይሻላል። በስልክ ለሚሠሩም ስናፕሲድ የተባለው መተግበሪያ የቪኜቱን እምብርት በጣት ጎትቶ ሙሽሮቹ ላይ ለማሳረፍ ያስችላል።

ለምታገቡ ጥንዶች አንድ ምክር አለ። የአልበሙ ናሙና ሲቀርብላችሁ ከራሳችሁ ፊት በፊት ጠርዝ ጠርዙን እዩ። የጨለመ ዘመድ ካገኛችሁ ሳይታተም ይስተካከል በሉ፤ ላይትሩም ዋናውን ፎቶ ስለማይነካ ቪኜቱን ማንሳት ስላይደሩን ወደ ዜሮ የመመለስ ያህል ብቻ ነው።