የሱድ ረግረግ

ንያኩሮን በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከሰፈሩ በስተምሥራቅ፣ ከተማዋን እየታከከ ወደ ሰሜን የሚፈሰው ወንዝ የነጭ ዓባይ ላይኛው ክፍል ሲሆን፣ የአካባቢው ስሙ ባሕር አል ጀበል ይባላል፤ ትርጉሙም የተራራ ወንዝ ማለት ነው። ወንዙ ከጁባ ርቆ ከተጓዘ በኋላ በብዙ ቅርንጫፎች ተከፋፍሎ በሰፊ ሜዳ ላይ ይንጣለላል። ይህ ሥፍራ ሱድ ተብሎ የሚጠራው ታላቅ ረግረግ ነው። ስሙ መሰናክል የሚል ትርጉም ካለው የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው፤ ተንሳፋፊ እፅዋት የጀልባን መንገድ እየዘጉ መንገደኛን ያስቸግሩ ነበርና።

ለረግረጉ መፈጠር ምክንያቱ የመሬቱ ሁኔታ ነው። በጥንት ዘመን የምድር ቅርፊት በመለጠጡ ቦታው ወደ ታች ሰመጠ፤ ወንዞችም በረጅም ዘመን ውስጥ ጎድጓዳውን ሥፍራ በአሸዋና በሸክላ አፈር ሞሉት። የሜዳው ዝቅታ በአንድ ኪሎ ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ውሃው ፈጥኖ አይፈስም፤ ሸክላውም በቀላሉ አያሰርገውም። ስለዚህ ውሃው በቦታው ይቆያል።

ውሃ በማይለየው ክፍል የሚበቅለው ዋና ተክል ደንገል ነው፤ ይኸውም የጣና ሐይቅ ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ተክል ነው። ደንገሉ ሞቶ ወደ ውሃው ሲወድቅ፣ በዚያ ኦክሲጂን ስለሚያንስ ሙሉ በሙሉ አይበሰብስም። ቅሪቱ እየተደራረበ ፒት የተባለውን ጥቁር አፈር ይሠራል። ተክሉ ከአየር የወሰደው ካርቦንም በዚሁ አፈር ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል።

በደንገሉ መካከል ጉማሬ፣ አዞና የድኩላ ዘመድ የሆነው ሲታቱንጋ ይኖራሉ። ምንቃሩ ጫማ የሚመስለው ትልቅ ወፍ በጥልቀት የለሹ ውሃ ዓሣ ያድናል። በጋምቤላም የሚገኘው የናይል ሌችዌ የተባለ አጋዘን መሰል እንስሳ የሚኖረው በዚሁ አካባቢ ነው። ውሃው በበጋ ሲሸሽ ለምለም ሣር ትቶ ስለሚሄድ፣ የዲንቃና የኑዌር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ወደዚያ ያሰማራሉ።

ይሁን እንጂ ወደ ሱድ ከሚገባው ውሃ ግማሽ ያህሉ በዚያው ይተናል። ይህን እንደ ብክነት የቆጠሩት የሱዳንና የግብፅ መንግሥታት፣ ውሃውን ከረግረጉ ውጭ አዙሮ የሚያሳልፍ 360 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የጆንግሌይ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1978 ማስቆፈር ጀመሩ። 240 ኪሎ ሜትር ያህሉ እንደተቆፈረ በአገሪቱ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ሥራው ተቋረጠ። ደረቁ ጉድጓድ ለከብቶችና ለዱር እንስሳት ጉዞ እንቅፋት ሆኖ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሱድ በራምሳር ስምምነት መሠረት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጎች መዝገብ ገባ፤ የተመዘገበውም ስፋት 5.7 ሚሊዮን ሄክታር ነው። ሆኖም ቦዩን የመጨረስ አሳብ ከዚያ በኋላም በተደጋጋሚ ተነሥቷል። ውሃው ቢቀንስ የግጦሹ ሣርና የዓሣው መራቢያ ይጠባሉ። ፒቱ ሲደርቅ ደግሞ አየር ይገባበትና ይበሰብሳል፣ በእሳትም ሊቃጠል ይችላል፤ በብዙ ዘመን ያከማቸውም ካርቦን ወደ አየር ይመለሳል። እንግዲህ የረግረግን ጥቅም ለመመዘን ከእርሱ የሚወጣውን ውሃ ብቻ መስፈር አይበቃም፤ ውሃው በቆየበት ቦታ የሚሰጠውንም ሕይወት መቁጠር ይገባል።