ከፋሲካ ቁርጥ እስከ ክረምት ጎርፍ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያቀናው አውራ ጎዳና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የፎገራዋን ከተማ ወረታን ያገኛል፤ የደብረ ታቦሩ መንገድም የሚገነጠለው ከዚያው ነው። ለፋሲካ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የዙሪያው ቀበሌ ሁሉ ወደዚህች ከተማ ይተማል። ሰንጋው ይነዳል፣ ዶሮው እግሩን ታስሮ ይመጣል፣ የፎገራ ሽንኩርት ይቆለላል፣ የቅቤው ሽታ መንደሩን ያውደዋል። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን የጾመ ቤተሰብ በዚህ መደሰቱ የሚገባው ነው። ደስታው በሆድ ሕመም እንዳይበላሽ ግን ሰውነት በእነዚያ ቀናት ምን እንደሚገጥመው ማወቅ ያስፈልጋል። በፎገራ ደግሞ የበዓሉ ገበታ ከሜዳው፣ ከወንዙና ከክረምቱ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ነገሩ ከአንድ ሌሊት ቁርጠት በላይ ነው።

ሆድ ከጾም ሲወጣ

ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ሲበላ የከረመ ሰው አንጀት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ከዚያው ምግብ ጋር ተላምደዋል። ምግቡ ሲለወጥ እነሱም ይለወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት 10 ፈቃደኞችን በየተራ ለ5 ቀን የዕፅዋት ምግብ፣ ለ5 ቀን የእንስሳት ተዋጽኦ እየመገበ ተከታትሏቸዋል። ሥጋ፣ እንቁላልና አይብ በበሉበት ሰሞን የተሕዋስያኑ ስብጥር በቀናት ውስጥ ተቀየረ፤ ሐሞትን የሚቋቋሙት ዝርያዎች በረከቱ። ለውጡ ፈጣን ነው፤ ያም ሆኖ ቀናት ይፈልጋል። የፋሲካ ሌሊት ገበታ ለሆድ ይህን ፋታ አይሰጠውም።

ቅባቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጨጓራ ቅባት የበዛበትን ምግብ ወደ አንጀት የሚለቀው ቀስ ብሎ ነው። ቅባቱ አንጀት ሲደርስ የሐሞት ከረጢት ተኮማትሮ ሐሞቱን ያፈሳል፤ ቀድሞ ጠጠር የቋጠረ ከሆነ ይህ መኮማተር ከቀኝ ጎድን ሥር የሚነሳ ብርቱ ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። ስቅለትን አክፍሎ የዋለ ሰው ከቅዳሴ መልስ በባዶ ሆዱ በርበሬና ቅቤ የጠገበ ዶሮ ወጥ በልቶ ወዲያው ጋደም ሲልም የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ ይወጣና ቃሩ እስኪነጋ አያስተኛውም።

እናቶች ለዚህ የቆየ ዘዴ አላቸው። ሥጋ ከመቅመስ በፊት የሚጠጣው ተልባ ውሃ ሲያገኝ የሚያዝለገልግ፣ በሚሟሟ አሰር የበለጸገ ፍሬ ነው፤ ጨጓራን ያለሰልሳል፣ ድርቀትንም ይከላከላል። ሌሊቱን በተልባና በጥቂት ጉርሻ ጾሙን ገድፎ ዋናውን ምግብ ለጠዋት ማቆየት፣ ከበሉ በኋላም 2 ወይም 3 ሰዓት ያህል ሳይተኙ መቆየት አብዛኛውን ችግር ያስቀራል። በዓሉ በአንድ ቀን አያልቅም። እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ገበታው ላይ ጎመንና ምስርን ከሥጋው ጎን ማስቀመጥ ለእነዚህ ሳምንታት ሁሉ ይበጃል።

ትሉ የሚዞርበት ዓመት

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ተዘርግቷል። ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ ይህን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ ክረምት ሲበረታ ከአልጋቸው እየወጡ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሰው አፈናቅሏል። በወተቷና ረግረግ በመቻሏ የታወቀችው የፎገራ ላም የኖረችውም በዚሁ እርጥብ ግጦሽ ነው።

የኮሶ ትል ደግሞ ይህን መልክዓ ምድር ይወደዋል። ሳይንቲስቶች ታኒያ ሳጂናታ የሚሉት ይህ ትል ሙሉ ዕድሜውን ለመኖር ሁለት ማደሪያ ያስፈልጉታል፤ ከብትና ሰው። ከብት ከሰው ዓይነ ምድር የወጣውን እንቁላል ከሣር ጋር ስትውጥ ጽንሱ አንጀቷን በስቶ፣ በደም ተጉዞ ጡንቻዋ ውስጥ ይሰፍራል። በ10 ሳምንት ገደማ ውስጥ ከ1 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ያንን ሥጋ በጥሬው የበላ ሰው ከረጢቱን ይውጣል፤ ትሉ አንጀቱ ላይ ተጣብቆ 4 ሜትር፣ አንዳንዴም ከ10 ሜትር በላይ ያድጋል። ካልታከመ ለዓመታት ይኖራል።

ቁም ነገሩ ጊዜው ላይ ነው። ትሉ አድጎ እንደ ዱባ ፍሬ የመሰሉ ነጭ ቁርጥራጮቹን ማውጣት የሚጀምረው ሥጋው ከተበላ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው። በሚያዝያ ፋሲካ ቁርጥ የበላ ሰው «ኮሶ ታየኝ» የሚለው እንግዲህ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይሆናል። እያንዳንዱ ቁርጥራጭ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ይሸከማል። ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ ሰው ባለበት እንቁላሉን ጎርፉ ጠርጎ ግጦሹ ላይ ይበትነዋል፤ እርጥብ መሬት ላይም ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ውሃው ሸሽቶ ከብቱ ወደ ሜዳው ሲመለስ እንቁላሉ ይጠብቀዋል። ለገና የሚታረደው ሰንጋ ከዚያ ሜዳ የጋጠ ነው።

ይህን ዙር የሚበጥሰው እሳት ነው። ሥጋው እስከ ውስጡ ከ56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሞቅ ከረጢቱ ይሞታል፤ ጥብሱ ውስጡ ድረስ ቀይነቱን ከለቀቀ በቂ ነው። ለብለብ ክትፎ እዚህ አይደርስም። ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን ማቆየትም ይገድለዋል። ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ሎሚ ወይም አረቄ ግን ሥጋው ውስጥ የተሸሸገውን ከረጢት አያጠፉትም።

ለቅርጫ ሜዳ ላይ የሚታረድ በሬ በአብዛኛው መርማሪ አያየውም። ምላሱን፣ ልቡን፣ የመንጋጋውንና የትከሻውን ሥጋ ሰንጥቆ ማየት ይረዳል፤ ጥቂት ከረጢት ብቻ ያለበትን ሥጋ ግን የሠለጠነ ዓይንም ሊስተው ይችላል። ከሁሉ የሚያስፈራው ታሞ የወደቀ ከብት በችኮላ ሲታረድ ነው። አባ ሰንጋ ያለበትን ከብት ማረድም መግፈፍም መብላትም ሊገድል ይችላል። እንዲህ ያለ ከብት ሲያጋጥም ቢላ ሳይነካው የእንስሳት ሐኪም መጥራት ግድ ነው።

የትሉ መድኃኒት ዛሬ ቀላል ነው። ዱሮ የኮሶ ዛፍ አበባ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ ዛፉ ጽፎ ሥዕሉንም አሳትሟል። ኮሶ ትሉን ያስወጣል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ብርቱ ትውከትና የዓይን ጉዳት ያስከትላል፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ በሐኪም ትእዛዝ አንዴ ተውጦ ሥራውን ይጨርሳል።

ዶሮው፣ ሩዙና የተረፈው

ዶሮ ወጥ ረጅም ሰዓት ስለሚንተከተክ ሲበላ ስጋት የለበትም። አደጋው ያለው ከመብሰሉ በፊት ነው። ጥሬ ዶሮ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉ ባክቴሪያዎችን ሊይዝ ይችላል፤ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ አይገድላቸውም፣ የሚረጨው ውሃ ግን ወደ ሌላ ዕቃ ያዛምታቸዋል። ስለዚህ ዶሮ የሚታጠብበት ሳፋ ከእንጀራውና ከሰላጣው መራቅ፣ ቢላው ሌላ ነገር ሳይቆርጥ በሳሙና መታጠብ አለበት።

ሩዝም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በደርግ ዘመን ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች ካስለመዱት ወዲህ ሩዝ የፎገራ ገበሬ ዋና ሰብል ሆኗል፤ ወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘር በመፍላት አይሞትም። የበሰለ ሩዝ ሞቅ እንዳለ ሲያድር ዘሩ ይነቃል፤ የሚያወጣው አስመላሽ መርዝ ተመልሶ ቢሞቅም አይጠፋም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ሩዝ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ያህል ብቻ ቢቀቀል ይሻላል። ወጡ ከተረፈ ደግሞ ጠዋትና ማታ እስኪንተከተክ ማፍላት ይገባል።

የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በበዓል ቀን መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። አረቄ ከጠላ ብዙ እጥፍ አልኮል ስላለው በጠላ ብርጭቆ አይለካም። ስኳርን የሚቀንስ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው መጠጥ በባዶ ሆድ በተለይ አደገኛ ነው።

የዘንድሮው ፋሲካ ሲደርስ የፎገራ ቤተሰብ ሁለት ነገር ቢያደርግ ለራሱም ለሜዳውም ይተርፋል። አንደኛ፣ ሥጋውን አብስሎ ይብላ። ሁለተኛ፣ ባለፉት በዓላት ጥሬ በልቶ ትል የታየው ሁሉ ጎርፉ ሳይመጣ፣ ሰኔ ሳይጠባ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ መጸዳጃ ጉድጓድ የሌለው ቤትም ከክረምት በፊት ይቆፍር።